ጡሩንባ የጠራው የግጥም ውድድር

እኔ ቤት ተከራይታ የምትማረው ሰናይት ከጓደኞቿ ጋር ኮሌጁ ውስጥ የግጥም ውድድር አሰናድታ፣ «ሰው ካልመጣ ማርክ የለንም» እያለች የወረታን ከተማ በማስታወቂያ ወረቀት ሞላቻት። ማን ሊያነበው!

በማግስቱ ጧት የእድር ጡሩንባ ተነፋ፤ ነፊው «ወደ ኮሌጁ!» ይላል። ልጅቷ ሳይነጋ ወጥታለች። ክው አልኩ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ አገሬውን አስከትዬ ገባሁ። ሙሾ በማውረድ ማን ይቀድመኛል?

«የፎገራውን ሩዝ ጎርፍ ወሰደው አሉ፣
የኔን አንድ ፍሬ ማን ወሰዳት በሉ!»

ሕዝቡ ደረቱን ሲደቃ ሰናይት ማይክ ይዛ ብቅ አትልም!

«አንቺ! በቁምሽ ታስለቅሺኛለሽ?»

«እማማ፣ ጡሩንባውን ያስነፋነው እኛ ነን፤ ለማስታወቂያ...»

ዱላዬን ሳነሳ አንዱ ዳኛ እንባውን እየጠረገ፣ «እማማ፣ አንደኛ ወጥተዋል!» አለኝ።