ስካነር እስኪመረጥለት የቆየ ፊት

ሰፈሩ ፎቶ አንሺውን «አትንቀሳቀስ» ሲል የሰየመው በስላቅ ነበር፤ ይሁን እንጂ ስላቁ እናትና አባቱ ካወጡለት ስም ይልቅ ጸናበት። የንብ ቀፎ የሚያህለውን የእንጨት ካሜራውን በሦስት እግሩ ላይ አቁሞ፣ ራሱን በጥቁር ጨርቅ ከልሎ፣ «አትንቀሳቀስ! ትንፋሽህንም ዋጥ!» እያለ ያልተቆጣው ሰው በዚያ ሰፈር አይገኝም። ሕፃናት ያለቅሱበታል፤ ሽማግሌዎች ፍርድ ቤት የቀረቡ ይመስል ይደርቃሉ። አንዲት ሙሽራማ «ጋሼ፣ ሳልተነፍስ ከምዳርስ ሳልዳር ብተነፍስ ይሻለኛል» ብላው፣ ነገሩ እስከ ዛሬ ይወራል።

እሱ ግን በሥራው አይቀልድም ነበር። ፊልሙ እንደ ሌላው ፎቶ አንሺ ፊልም የተጠቀለለ ጥብጣብ አይደለም፤ ካሜራው አንድ በአንድ የሚጎርሰው፣ መዳፍ የሚሞላ ሰሌዳ ነው። ደንቡም ከፊልሙ ጋር የተካከለ ነበር፦ ለአንድ ፊት አንድ ፊልም። «ሁለተኛ የሚያነሣ ሰው በመጀመሪያው ያላየ ነው» ይላል። ከዚህ ደንብ ለዘመድ እንኳ ፈቀቅ ብሎ አያውቅም። በዚህ ተከብሯል፤ በዚሁም፣ ኋላ እንደሚታየው፣ ተጎድቷል።

ዘመኑ ሲለወጥ የማጠቢያው ኬሚካልና የማተሚያው ወረቀት ከገበያ ጠፉ። ጨለማ ክፍሉ ተዘጋ፤ ዛሬ የሴት ልጁ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ቆሞበታል። ኔጋቲቮቹን ግን እያንዳንዱን በፕላስቲክ ጠቅልሎ፣ በቆርቆሮ ሳጥን ደርድሮ፣ የክዳኑን ዙሪያ በፕላስተር አሽጎ አኖራቸው። «አየር አይገባው፣ ትንኝ አይደርስበት» እያለ በእጁ መዳፍ ሳጥኑን መታ መታ ሲያደርግ ላየው፣ የልጅ ልጆቹን የሚያስተኛ ይመስል ነበር።

እንደ እናት ሆና ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ከቤቱ ብዙም ሳትርቅ ብቻዋን ትኖራለች። ዕድሜዋን በልብስ ስፌት የገፋች፣ ምላሷ ከመርፌዋ የማይተናነስ ሴት ናት። አንድ ልጅ ነበራት፤ ሙያ ትምህርት ቤት በጨረሰ በዓመቱ በአጭር ሕመም ሞተባት። ያለው ፎቶግራፉ አንድ ብቻ ነው፤ ያነሣውም አጎቱ አትንቀሳቀስ ነው። በዚያ ፎቶግራፍ ስትጽናና ኖረች። አንድ ቀን የቤቷ የውሃ ቧንቧ ፈነዳና ግድግዳውን አረሰረሰው። ፎቶግራፉ ከመስታወቱ ጋር ተጣበቀ። ደንግጣ ስትልጠው ወረቀቱ በእጇ መጣ፤ ፊቱ መስታወቱ ላይ ቀረ፣ እሱም ተቆራርጦ።

ወንድሟ ሲደርስ ክፈፉን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣ አገኛት።

«ለምን ላጥሽው እትዬ?» አላት፣ ገና ከበሩ ሳይገባ። «ከነመስታወቱ ውሃ ውስጥ ነክረሽ ብትጠብቂ ኖሮ በራሱ ይለቅ ነበር።»

«አንተ ደግሞ! ልጄ ውሃ ውስጥ ሆኖ ቆሜ ልጠብቅ?»

መስታወቱን ወደ ብርሃን አዘንብሎ መረመረና «ይህ አይድንም» ሲል ፈረደ። እህቱ ቀና ብላ አየችው።

«እንደማይድንማ አውቃለሁ። ፎቶው ሳለ ፊቱን ለማስታወስ ደክሜ አላውቅም፤ ግድግዳው ያስታውስልኝ ነበር። አሁን ዓይኔን ስጨፍን ኮቱ ይመጣል፣ አንገቱ ይመጣል፣ ፊቱ ግን እየጠፋብኝ ነው። ያኛው፣ ጥቁርና ነጩ የተገለበጠው፣ አንተ ጋ የለም?»

«ኔጋቲቩ? አለ እንጂ! እኔ ዘንድ ምን ጠፍቶ ያውቃል?»

«እንግዲያ አውጣልኝ ወንድሜ። ሌላ አልልህም።»

በማግስቱ ጠዋት ሳጥኑን ከፈተ። ኔጋቲቩን በጠርዙ ይዞ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘረጋው፤ አጉሊ መነጽሩንም ዓይኑ ላይ ደቅኖ ከጥግ እስከ ጥግ ፈተሸው። እንከን አልነበረበትም። ከሳጥኑ ውስጥ ግን ስስ የሆነ የአቼቶ ሽታ ሸተተው። ጥቂት አሰበና ጥፋተኛው አየር ነው አለ፤ አንድ ፕላስቲክ በፕላስቲክ ላይ ደረበ፤ ፕላስተሩንም በእጥፍ አዞረ። እንዲህ ያለው ፊልም ሲያረጅ አሲድ እንደሚተፋ፣ ያ አሲድ መውጫ ባጣ ቁጥር መልሶ ፊልሙን እንደሚበላው አላወቀም። የሚያንቀውን ነገር የጠበቀ መሰለው። ጥንቁቅ ሰው ብቻ የሚሳሳተው ስሕተት አለ፤ ይህ ከዚያ ወገን ነው።

ከዚያ ስካነር መምረጥ ተጀመረ።

መጀመሪያ የሄደው የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ኮፒው» ወደሚለው ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት ነበር። ለሙከራ የማይቆጨውን አንድ የተበላሸ ኔጋቲቭ ይዞ ሄደ። ኮፒው ፊልሙን እንደ መታወቂያ ካርድ መስታወቱ ላይ ጥሎ ክዳኑን ዘጋና ቁልፉን ተጫነ። የወጣው ወረቀት ከጥግ እስከ ጥግ ጥቁር ነበር።

«ጋሼ፣ ሰውየው ጨለማ ውስጥ ነው እንዴ የተነሣው?»

«ጨለማው ያንተ ማሽን ነው። ብርሃኑ ከሥር ነው የሚመጣው። ኔጋቲቭ ብርሃን በላዩ ሳይሆን በውስጡ ካላለፈ አይታይም። ክዳኑም መብራት ሊኖረው ይገባል።»

«ክዳን መብራት ካለውማ እሱ ፍሪጅ ነው!» አለ ኮፒው። ተራ የሚጠብቁት ሳቁ፤ አትንቀሳቀስ ፊልሙን አንሥቶ ወጣ።

ክዳኑ መብራት ያለው ስካነር ተገኘ። መብራቱ ግን የጣት ስፋት ላላት ትንሿ ፊልም የተሠራች ቀጭን መስመር ሆና፣ የእሱን ፊልም ከመሐል ቆርጣ የምታሳይ ነበረች። ሰሌዳውን በሙሉ የሚያበራ ሌላ ተገኘ፤ በዚህኛው ላይ ፊልሙ ከመስታወቱ ጋር ሲነካካ፣ ዘይት ጠብ ያለበት ውሃ ላይ እንደሚታየው ያለ ቀለበት ምስሉ ላይ ይሠራል። በሦስተኛው ላይ ሻጩ አቧራ በራሱ የሚያጠፋ መሆኑን እየማለ ነገረው። አትንቀሳቀስ ግን መመሪያውን ተቀብሎ እዚያው ቆሞ አነበበና «ይህ ለባለ ቀለም ፊልም ነው» አለ። «የጥቁርና ነጭ ፊልም ሥዕሉ የብር ቅንጣት ነው። ማሽንህ ብሩን አቧራ ነው ብሎ ፊቱን ይጠርግልኛል።» ልክ ነበር። በእያንዳንዱ ማሽን ላይ የሰጠው ፍርድ ሁሉ ልክ ነበር፤ ሐዘኑም እዚህ ላይ ነው።

ልጁ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ባለሙያ ናት፤ ከአባቷ ጥንቃቄውን ወርሳለች፣ ትዕግሥቱን ግን ጠግባዋለች።

«አባዬ፣ ኮምፒውተሩን ነጭ አድርጌ ላብራልህ። ኔጋቲቩን ፊት ለፊቱ ያዘው፤ እኔ በስልኬ ላንሣው። ከዚያ መገልበጥ ነው፤ አለቀ።»

«የስክሪኑ ነጠብጣብ ፊቱ ላይ ይወጣል።»

«ትንሽ እናርቀዋለን እኮ! አክስቴ ፊቱን ነው የጠየቀችህ እንጂ ፖስተር አይደለም። ለጊዜው ይሁናት፤ በኋላ አንተ እንደምትወደው አድርገህ ትሠራዋለህ።»

«‹ለጊዜው› የሚባል ሥራ እኔ ቤት ተሠርቶ አያውቅም።»

«ሲመርጡ ሲመርጡ ከምራጭ ይወድቃሉ ሲባል አልሰማህም?»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባልስ አልሰማሽም?»

ተረት በተረት ተጣጣሉና ተለያዩ። ነገሩን ካጤንነው ግን ሁለቱ ተረቶች እኩል አልነበሩም፤ የፈሰሰን መልቀም ይቻላል።

እህቱ በመጀመሪያው ሰሞን ስልክ እየደወለች ታሾፍበት ነበር። «እህሳ፣ ስካነሩ ተወለደ?» ትለዋለች። ሰንበት ብላም «አሁንስ ጥርስ አላወጣም?» እሱም ስለ ብርሃኑ፣ ስለ ጥቁሩ ጥልቀት፣ ሻጮች ስለሚያጋንኑት የነጥብ ብዛት በሰፊው ያስረዳታል። ትሰማዋለች፤ «ይሁን፣ አንተ ታውቃለህ» ትለዋለች። ክረምቱ ገባ፤ ክረምቱ ወጣ። ከዚያ በኋላ ስትደውል ስለ ጤናው፣ ስለ ልጁ፣ ስለ ጉልበቱ ሕመም ብቻ መጠየቅ ጀመረች። እሱም አስተዋለችና ታገሠች ብሎ ደስ አለው። የእህቱ ዝምታ ተስፋ መቁረጥ ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ በአጠገቡ አላለፈም።

በመጨረሻ አንድ ማተሚያ ቤት ሥራውን ሲያቆም ዕቃውን እንደሚሸጥ ሰማና ሄደ። እዚያ፣ አቧራ ከለበሱ ወንበሮች ጀርባ፣ የፈለገውን አገኘ። ክዳኑ በሙሉ ብርሃን የሆነ፣ ፊልሙን ከመስታወቱ አንሥቶ አየር ላይ ወጥሮ የሚይዝ የብረት ክፈፍ ያለው፣ በሁለት ሰው የሚነሣ ከባድ ስካነር ነበር። ልጁና ኮፒው ተሸክመው አስገቡለት። ኮፒው ላቡን እየጠረገ «ጋሼ፣ ይህን ያህል ከብዶ ሙት ካላስነሣ ምን ዋጋ አለው» አለና፣ ያለውን ወዲያው አስታውሶ አፉን በእጁ ያዘ።

አትንቀሳቀስ በተበላሹት ፊልሞች ደጋግሞ ሞከረ። ጥቁሩ ጥቁር ሆነ፤ በጥቁሩ ውስጥም የኮት ሽመና ሳይቀር ታየ። ያን ጊዜ ፊቱ በራ። እጁን ታጠበ፤ አደረቀ፤ የቆርቆሮ ሳጥኑን ፕላስተር መላጥ ጀመረ።

ክዳኑ እንደተነሣ የአቼቶው ሽታ አፍንጫን የሚቆርጥ ሆኖ ወጣ። ማዶ የቆመችው ልጁ እንኳ ፊቷን አዞረች። ፕላስቲኩ ውስጡ በላብ ረጥቦ ነበር። ኔጋቲቩ ሲወጣ ሰሌዳነቱ ቀርቷል፤ እንደ ደረቀ የሙዝ ልጣጭ ተጠቅልሏል። ሥዕሉን የያዘው ስስ ሽፋን፣ የተሸከመው ፊልም ሲኮማተር አብሮት መኮማተር ስላልቻለ፣ ተላቅቆ ተነፍቷል፤ እንደ ፈላ ወተት ስልባቦት ተሸብሽቧል። ሽብሽቡ የበረታው መሐሉ ላይ ነው። መሐሉ ላይ ያለው ደግሞ ፊቱ ነው።

«አባዬ…» አለች ልጁ።

«አትንኪው!» አላት። ራሱ በጠርዙ ይዞ፣ የቻለውን ያህል ዘርግቶ፣ በስካነሩ ክፈፍ ላይ አኖረው።

ስካነሩ የተመረጠበትን ሥራ በታማኝነት ሠራ። እያንዳንዷን ስንጥቅ፣ እያንዳንዷን እጥፋት፣ አንዲት ሳያስቀር አሳየ። ኮቱ ዳር ዳሩ ላይ ደህና ነበር። በወንበሩ ክንድ ላይ ያረፈው እጅ እስከ ጥፍሩ ጨረቃ ድረስ ይታያል። ከአንገት በላይ ግን የደረቀ ወንዝ ወለል እንጂ የሰው መልክ አልነበረም።

ያንኑ አትሞ ወደ እህቱ ሄደ። መደበቅ አላወቀበትም፤ ይህን ያህል ሊመሰገን ይገባዋል። እህቱ የልብስ መስፊያዋን ጨርቅ ገለል አድርጋ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። መነጽሯን አደረገች። የልጇን እጅ በጣቷ ዳሰሰች፤ ወደ ላይ አለፈች፤ ቆመች።

«ምን ሆኖ ነው?»

«አርጅቶ። ማሸጌም ጎድቶታል። እኔ… የጠበቅሁት መስሎኝ ነበር እትዬ።»

«መጀመሪያ ስጠይቅህስ? ያን ጊዜም እንዲህ ነበር?»

ትከሻውን ነቅንቆ «እንጃ» ማለት ይችል ነበር። ማንም አያጣራበትም። ነገር ግን ዕድሜውን ሙሉ በመለኪያ የኖረ ሰው ነውና ቃሉም በልክ ወጣ።

«ያን ጊዜ ደህና ነበር።»

«አይተኸው ነበር?»

«በማግስቱ። መስኮቱ ላይ ዘርግቼ፣ በአጉሊ መነጽር።»

ይጠብቅ የነበረው ቁጣ ነው። ቁጣው ቢመጣ ደስ ባለው። እህቱ ግን ወንበሯን ወደ እሱ ሳበች፤ የሩቅ አገር ወሬ ይዞ ከመጣ መንገደኛ ፊት እንደሚቀመጥ ሰው ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«እሰይ፤ አንተ እንኳ አይተኸዋል። በል ንገረኝ። እኔ ሳስታውሰው አንዳንዴ ይስቃል፣ አንዳንዴ ያኮርፋል፤ የቱ እንደሆነ ካጣሁት ቆየሁ። ይስቅ ነበር?»

አትንቀሳቀስ አፉን ከፈተ። የመስኮቱ ጠዋት ሙሉ በሙሉ መጣለት። የቅንድቡ ፀጉር አንድ በአንድ ይቆጠር ነበር፤ ያስታውሳል። የኮቱ ቁልፍ የተሰፋበት ክር ይታይ ነበር። ብርሃኑ ከግራ ነው፤ በቀኝ ጉንጩ ጥላ ውስጥ ያለው ዝርዝር አልጠፋም። የከንፈሩን ጠርዝ ፈትሾ ፎከሱ ጥርት ማለቱን አረጋግጧል። ከንፈሩ ምን ያደርግ እንደነበር ግን አላየም። ባነሣውም ቀን ቢሆን በጥቁሩ ጨርቅ ሥር ተገልብጦ የሚታየውን ምስል ሲያስተካክል ቆይቶ፣ የካሜራው መዝጊያ ሲከፈት ዓይኑ ብርሃኑን በሚለካበት ሰዓት ላይ ነበር። የእህቱን ልጅ ሁለት ጊዜ በእጁ ይዞ ሁለት ጊዜ መርምሮታል፤ አንድም ጊዜ አላየውም።

«ፎከሱ…» አለ። «ፎከሱ ልክ ነበር እትዬ።»

እህቱ የሚቀጥል መስሏት ጥቂት ጠበቀችው።