በሩ የማይለይ ቤት

ውጭ አገር ያለችው እህቴ ልትወስደኝ ስለፈለገች፣ ቪዛ ልጠይቅ ከመንዝ ሞላሌ አዲስ አበባ ሄድኩ። ኤምባሲው አዲስ ሕንፃ ነው። አጥሩ እንደ መንዝ ቤት በድንጋይ ስለተካበ ልቤ ረጋ አለ። ተፈትሼ ስገባ ግን ፊት ለፊቴ ያለው ሁሉ መስታወት ነው፤ በሩ ከመስኮቱ አይለይም። እንዳገሬ «ቤቶች!» ብዬ ተጣራሁና «ደጆች!» እስክባል ቆምኩ።

ዘበኛው ሳቀ። «እናት ዓለም፣ እዚህ ቤት አቤት የሚል የለም። ተጠጊው፣ ራሱ ይከፈታል።»

ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። የኤምባሲው ሠራተኛ ከወፍራም መስታወት ጀርባ ሆና ለምን እንደምሄድ ስትጠይቀኝ፣ ከሐፍረቴ የተነሳ ድምፄ አልወጣ አለ። ቪዛውን ከለከሉኝ።

ሞላሌ ስመለስ እናቴ «ምን አሉሽ?» አለችኝ።

«ቤቱ ያስፈራል» ብቻ አልኳት።

«ቤቱን ልትገዢው ነው እንዴ የሄድሽው?»

እህቴን እስከ ዛሬ አላየኋትም።