ጅን የማያውቀው ቋንቋ

ገና ልጅ ሳለሁ፣ ደሴ መብራት በጠፋባት ምሽት ሁሉ፣ የአባቴ አጎት አባባ ይማም ከከሰሉ ምድጃ አጠገብ ተቀምጠው የሎሚን ተረት ይነግሩን ነበር። ሎሚ ጦሳ ተራራ ላይ ጉም ያሳደጋት ልጅ ናት፤ የጉምን ቋንቋ ከእሷ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም። «ሸምበሎ» ስትል «የት ነህ?» ማለቷ ነው፤ ጉሙም «ሉማ» ይላታል፤ «እዚህ ነኝ» ማለቱ ነው። አባባ ይማም እነዚህን ቃላት ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ የፋኖሱ ብርሃን ጢማቸው ላይ ይንቀጠቀጣል፤ እኔና ታናሽ እህቴ ዘሃራ ትንፋሻችንን ውጠን እንሰማለን። «ይህን ቋንቋ ጅን እንኳ አያውቀውም» ይሉን ነበር።

ያኔ ጅን ለእኛ ቀልድ አልነበረም። ጉም ውስጥ ስማችሁ ቢጠራ አቤት እንዳትሉ ተብለን ነው ያደግነው።

አንድ ቀን ከሰዓት ከገራዶ፣ ከአክስታችን ቤት ስንመለስ ጉሙ ድንገት ወረደብን። ዘሃራ እጄን ለቅቃ ትንሽ ወደ ኋላ እንደቀረች ጠፋችብኝ። የመንገዱ ዳር ደግሞ ገደል ነው። «ዘሃራ! ዘሃራ!» እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጠራኋት፤ ዝም። በቃ ገደል ገብታለች ብዬ መሬቱን በእጄ እየዳበስኩ ወደ አፋፉ ተጠጋሁ። ምን እንዳስታወሰኝ እንጃ፣ የቀረችኝን ድምፅ አጠራቅሜ «ሸምበሎ!» አልኩ።

ከጎኔ፣ ሁለት ክንድ ከማይሞላ ቦታ፣ በልቅሶ የታፈነ ቀጭን ድምፅ «ሉማ» አለኝ።

አፋፉ ላይ ካለ ባሕር ዛፍ ጋር ተጣብቃ አገኘኋት። «ስሜን ስትጠሪ ጅኑ መስሎኝ እኮ ነው» አለች። «አብሽሪ፣ እኔ ነኝ» ብዬ እስክንደርስ እጇን አልለቀቅኩም።

ማታ ለአባባ ይማም ስነግራቸው ይኮራሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ከሰሉን የሚቆሰቁሱበት እጃቸው ባለበት ቀረ። «ሱብሃነላህ!» አሉ። «እኔ እኮ ለጨዋታ ብዬ ከራሴ የፈጠርኩት ነው፤ ልጆቼ። የልጅ ነፍስ በዚህ ላይ ይንጠልጠል?» እንደዚያን ቀን ፈርተው አይቻቸው አላውቅም።

አባባ ይማም ካረፉ ቆዩ። ዘሃራ ጉም የማይደርስበት ኮምቦልቻ ገብታ ልጆች ወልዳለች። እኔ የሎሚ ተረት መጨረሻው ምን እንደነበር እንኳ ረስቼዋለሁ። ግን ደሴ ጉም በለበሰች ቁጥር ለዘሃራ ስልክ እደውልላታለሁ፤ ስሟን አልጠራም። «ሸምበሎ» እላለሁ። ሥራ ላይ ብትሆን፣ ሰው ቢከባትም፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ትመልስልኛለች፤ እኔም ያቺን ቃል ሳልሰማ ስልኩን አልዘጋም።