ሐምሌን የማያውቅ ክሊም

ጅቡቲ ውስጥ የክፍል ማቀዝቀዣን ሐበሻውም ሶማሌውም ክሊም ነው የሚለው። የእኛ ክሊም ግድግዳ ተበስቶ የሚሰካ፣ ሳጥን የሚያክል አሮጌ ነገር ነበር። አባቴ ሄሮን የሚባለው ሰፈር ይኖሩ ከነበሩ፣ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ዕቃቸውን ከሚሸጡ ፈረንሳዮች ላይ የገዛው እኔ ገና ትምህርት ቤት ሳልገባ ነው። ካርቲየ 2 የሚባለው ሰፈር ያለውን የቤታችንን ግድግዳ በራሱ እጅ በመዶሻ በስቶ ሰካው። ሲነሳ መስኮቱን ያንቀጠቅጣል፣ ሲጠፋ ደግሞ እንደ ሽማግሌ ያስላል። አባቴ ስለ እሱ ሲያወራ ስለ ታላቅ ወንድሙ የሚያወራ ይመስል ነበር፤ እኔን ደግሞ ይሄ ያናድደኝ ነበር።

ግንቦት ላይ ክሊሙ ሙቅ አየር መትፋት ጀመረ። ሌላ ዓመት ቢሆን ግድም አይሰጠን ነበር። እዚህ እንዳለው አብዛኛው ሐበሻ እኛም ሰኔ ሲጋመስ ቤቱን ቆልፈን ሐረር፣ የእናቴ ዘመዶች ዘንድ እንወጣና ሙቀቱ ሲበርድ እንመለሳለን። ያን ዓመት ግን አባቴ ልቡን ታሞ ነበር። እግሩ አብጧል፣ ሐኪሙም መንገድ ከልክሎታል። ክፍሉ እንዳይሞቅ፣ ልቡ ሙቀት አይችልም ብሎ አስጠንቅቆናል። ስለዚህ ይጠገን ወይስ አዲስ ይገዛ የሚለው ጥያቄ የዕቃ ጥያቄ ብቻ አልነበረም።

እኔ አዲስ እንግዛ አልኩ። እናቴ አንዴ ከእኔ፣ አንዴ ከእሱ ጋር ሆነች። አባቴ አሻፈረኝ አለ። የተጠራውም ጠጋኝ ሞተሩ ደህና ነው፣ ጋዝ ብቻ ነው የጎደለው፣ የዛሬዎቹ ሁሉ ቆርቆሮ ናቸው፣ እንዲህ ያለ ዕቃ አይጣልም ብሎ አገዘው። አባቴ ትራሱን ተደግፎ ቀና አለና እጁን ወደ ግድግዳው ዘረጋ።

"ይሄ አንድ ቀን አላስቸገረኝም። ስላረጀ ይጣላል?" አለኝ።

ስለ ማን እንደሚያወራ ገባኝ። አልጋ ላይ የዋለ ሰው እንዲህ ሲጠይቅ አዎ ተብሎ አይመለስም። ይጠገን አልን።

ጋዝ ተሞላ፣ አቧራው ተራገፈ፣ ክፍሉም ቀዘቀዘ። አባቴ የዳነ ያህል ደስ አለው፤ ጋቢውን ይልበስ ጀመር፣ እኔንም አየሽ አየሽ እያለ ያበሽቀኝ ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ።

ጎረቤታችን የሆነች ሶማሌ ወይዘሮ ልትጠይቀው ገባች። የቧንቧችን ውሃ ጨዋማ ስለሆነ፣ ከክሊማችን በውጭ በኩል የሚንጠባጠበውን ጨው የሌለበት ውሃ ለዓመታት በጀሪካን እያጠራቀመች የልጆቿን ፀጉር ታጥብበት ነበር። ሐረር ስንወጣም ቁልፍ የምንተወው እሷ ጋ ነው። እጇን ነፋሱ ላይ ዘርግታ ቆየችና ወደ እናቴ ዞረች።

"አባዮ፣ እህቴ፣ እኔ ሐምሌ ላይ ከዚህ ክሊም ውሃ ቀድቼ አላውቅም" አለች።

አባቴ ሳቀ። "ዘንድሮ ትቀጃለሽ" አላት። እኛም አብረን ሳቅን። ሴትየዋ ግን አልሳቀችም፤ ትንሽ ቆይታ ወጣች።

ሰኔ በደህና አለፈ። ሐምሌ ላይ ካምሲን የሚሉት የምዕራቡ ነፋስ አሸዋውን ይዞ መጣ፤ የብረት በር በእጅ የማይነካበት ጊዜ ሆነ። አባቴ ጋቢውን እግሩ ሥር ጥሎ መልበሱን ተወ። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሴትየዋ ባዶ ጀሪካኗን እንደያዘች ሳታንኳኳ ገባች። ውሃው ቆመ አለችን። እውነቷን ነበር። ድምፁ አልጠፋም፣ እንደ ወትሮው ይንቀጠቀጣል፤ የሚወጣው ግን የውጭው ሙቀት ነው። ብዙም ሳይቆይ አስሎ ጸጥ አለ።

በዚያ ሰዓት ጅቡቲ ውስጥ ማን ይገኛል? ጫቱ ገብቷል፣ ከተማው ሁሉ ሊቅም ቤቱ ተቀምጧል። ሱቁ ተዘግቷል፣ ጠጋኙ ስልክ አያነሳም፣ መንገዱ ላይ ሰው የለም። አንሶላ እያራስን ሸፈንነው፤ ሴትየዋ ከፍሪጇ ያላትን በረዶ ሁሉ አመጣች። አባቴ ትንፋሽ እያጠረው ዓይኑን ከግድግዳው ላይ አልነቅልም አለ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ በትክክል የገባኝ። ያ ሁሉ ዓመት ጠንካራ ነው ስንል የኖርነው ክሊም አንድም ሐምሌ ሠርቶ አያውቅም። እኛ ስንሸሽ እሱም ተቆልፎበት ያርፍ ነበር። ሴትየዋ ይህንኑ ነበር የነገረችን።

በታክሲ ሐኪም ቤት ወሰድነው። እናቴ እሱ ዘንድ ቀረች። እኔ ሱቅ እስኪከፈት ደጃፉ ላይ ቆሜ ጠበቅሁና አዲስ ክሊም ገዛሁ፤ ሲመለስ ቀዝቃዛ ክፍል ይጠብቀዋል ብዬ። ሠራተኞቹ በማግስቱ ጠዋት መጡ። አሮጌውን ነቅለው አባቴ የበሳውን ቀዳዳ በሲሚንቶ ደፈኑት፣ አዲሱንም ከበላዩ መስቀል ጀመሩ። እናቴ ብቻዋን ከታክሲ ስትወርድ በመስኮት አየኋት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። አንደኛው ሠራተኛ ጩኸታችንን ሰምቶ ከመሰላሉ ወረደና ልጨርሰው ወይስ ልተወው ብሎ በቀስታ ጠየቀኝ። ጨርሰው አልኩት።

ለቀስተኛው የተቀመጠው እዚያ ክፍል ውስጥ ነው። አልጋው ወጥቶ ፍራሽ ተነጠፈ። አዲሱ ክሊም ድምፅ የለውም፤ መሥራቱ የሚታወቀው በብርዱ ብቻ ነው። ያን ነጭ ዕቃ ያህል የጠላሁት ነገር የለም። በሦስተኛው ቀን ወደብ አብረውት የሠሩ አንድ ሽማግሌ ትከሻቸውን እያሹ፣ ልጄ፣ በረደን፣ ትንሽ ብትቀንሺው አሉኝ። ሪሞቱን አነሳሁ።

"አይቀነስም" አለች እናቴ።

ተነስታ ጥግ ላይ ታጥፎ የተቀመጠውን የአባቴን ጋቢ አመጣችና በሽማግሌው ትከሻ ላይ ጣል አደረገችላቸው። አባቴ ያን ጋቢ ሐምሌ ከገባ ወዲህ አልለበሰውም ነበር።