እንሰቱን የሚያርምልኝ ፍለጋ

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት አንድ የአምስተኛ ክፍል ትምህርት ይዤ፣ የሚያርምልኝ ሰው ልፈልግ ነው። እኔና ጥቂት ጓደኞቼ በበጎ ፈቃድ የሳይንስ ትምህርቶች እያዘጋጀን ኢንተርኔት ላይ በነጻ እናስቀምጣለን። ማንኛውም መምህር አውርዶ ያስተምርበታል፤ በስልኩም ቢሆን የማይስማማውን ያወጣል፣ የጎደለውን ይጨምራል፤ የሚቀጥለው መምህር የታረመውን ያገኛል። ስለ እንሰት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጓደኞቼ ግን ቁርጡን ነግረውኛል፦ እንሰት የሚያውቁ መምህራን እጃቸውን ካላስገቡበት ምዕራፉ ወጥቶ ስንዴ ይተካል። እንሰት በልቼ እንጂ ተክዬ አላውቅም። ቢሆንም የጻፍኩትን ወድጄው ነበር፤ ሲጣል ማየት አልፈለግኩም።

ሆሳዕና

ሚኒባሱ ጉልበቴን ከአገጬ አጣብቆ በቡታጅራ በኩል ሆሳዕና አደረሰኝ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ የተቀበሉኝ መምህር ኤርሲዶ፣ ሸምገል ያሉ የሳይንስ መምህር ናቸው። የባጃጁን ሂሳብ ከእጄ ነጥቀው ከፈሉ። ከዚያ ባልደረቦቻቸውን ሰብስበው ትምህርቱን ከላፕቶፔ ላይ አዩት። የእንሰቱ ፎቶ ጋ ሲደርሱ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እንዴት ነው?» አልኩ።

«በጣም ያምራል» አሉ መምህር ኤርሲዶ። «ደግሞ ከአዲስ አበባ ድረስ ለፍተው መጥተው!»

«የሚስተካከል ነገር የለውም?»

«ኧረ ምሳው ሳይቀዘቅዝ እንሂድ።»

ምሳው አታካና ነበር፤ ቡላ በቅቤ እስኪርስ ተለውሶ። ከሦስተኛው ጉርሻ በኋላ ስለ እርማት የሚያስብ ሰው አልነበረም፣ እኔንም ጨምሮ።

ሞርሲቶ

በማግስቱ ሞርሲቶ ሄድኩ። እዚያም መተያየት፣ ምስጋና፣ ከዚያ ቆጮ በክትፎ። አንዲት መምህርት እጇን ትከሻዬ ላይ ጭና «ጌታ ልፋትሽን ይባርክ» ብላ ጸለየችልኝ። ጸሎቱ ልቤን ነካኝ፤ ፋይሉን ግን የነካው የለም። ስመለስ ስንዴው በዓይኔ ዞረ። ተናደድኩ፤ ግን እንዲህ አድርገው ያበሉሽን ሰዎች እንዴት ብለሽ ትቆጫለሽ?

አዲሎ

በዱራሜ በኩል መኪና ቀያይሬ አዲሎ ስደርስ ተስፋዬ ተሟጦ ነበር። ላፕቶፑን ለሳይንስ መምህርቷ ለታደለች ሳቀብላት፣ እንዲያው ለወጉ «ሆሳዕናም ሞርሲቶም አይተውት እንከን የለውም ብለዋል» አልኳት።

ታደለች ስክሪኑን አየች። እኔን አየች።

«የሆሳዕና መምህራን ናቸው ይሄን ያጸደቁት?»

«አዎ።»

«የኔ እህት፣ ይሄ እኮ ሙዝ ነው!»

ሳቋን ሰምተው ሌሎቹ መምህራን መጡ። ከኢንተርኔት ያወረድኩት፣ በሁለት ከተማ በአክብሮት የታየው ፎቶ የሙዝ ተክል ነበር። ታደለች ከግቢው ጀርባ ወስዳ እውነተኛውን እንሰት አሳየችኝ፤ ከሥሩ ወፍራም ነው፣ ቅጠሉም ሽቅብ ይቆማል። በስልኳ አንስታ ፎቶውን ቀየረችው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁማቸው! ለእኔ ለእንግዳዋ ይሉኝታ ይኖራቸው ነበር፤ ሆሳዕና ላጸደቀው ግን ምን ይሉኝታ ያስፈልጋል? የችግኙን አተካከል እንደ አዲስ ጻፉ፤ ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ የሚቆይበትንም ጊዜ አሳጠሩት።

ማምሻውን ለመምህር ኤርሲዶ ደወልኩ።

«ሙዝ መሆኑን ያውቁ ነበር?»

«ታዲያ ሰው እንግዳውን ያሳፍራል እንዴ?» አሉኝ። «ግን ቆይ፤ አዲሎዎች ስለ ቆጮው ምን ብለው ጻፉ?»

ነገርኳቸው።

«ይሄማ አይሆንም! በእኛ ብርድ መቼ ይደርሳል?» ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጉት።

መመለስ

ፋይሉ በተነካ ቁጥር ለሁላችንም መልእክት ይደርሳልና፣ አዲስ አበባ እስክገባ ስልኬ እረፍት አላገኘም። ሆሳዕና ጊዜውን ታስረዝማለች፤ አዲሎ መልሳ ታሳጥራለች። በመጨረሻ ያቺ የጸለየችልኝ የሞርሲቶ መምህርት ገባችበት፦ ሁለቱም ልክ ናቸው፣ እንደ ቦታው ብርድና ሙቀት ይለያያል፤ ልጆቹ ቤታቸው ጠይቀው ይምጡና ክፍል ውስጥ ያወዳድሩ። እንዲህ ያለ መልመጃ እኛ አዲስ አበባ ተቀምጠን አናመጣውም ነበር። ጓደኞቼም ሲያዩት የስንዴውን ነገር ተዉት።

ቤቴ ደርሼ ፋይሉን ስከፍት እኔ ከጻፍኩት አንድም ዐረፍተ ነገር አልተረፈም። ከፋኝ፤ ወዲያው ደግሞ ደስ አለኝ። መምህራኑ ያመሰገኑት ሥራ የእኔ ነበር፤ የተጨቃጨቁበት ግን የራሳቸው ሆኗል። ይህን ያህል መንገድ ሄጄ የተማርኩት ይኸው ነው። ቢሆንም አላስችል አለኝና መግቢያው ላይ አንዲት ያማረች ዐረፍተ ነገር ጨመርኩ።

ጫማዬን ሳላወልቅ ከመምህር ኤርሲዶ መልእክት ገባ።

«እህቴ፣ ሳይጠይቁን ለምን ነኩት?»

እየሳቅኩ ዐረፍተ ነገሯን አጠፋኋት።