ያልቆጠርኳቸው ሁለት ልጆች

መጀመሪያ ያየሁት ብብቱ ሥር የሽንብራ ፍሬ የምታህል እብጠት ነው። ልጄ ምትኩ አራተኛ ወሩን ይዟል። ጊዜው የደርግ ነው፤ ከወገዳ ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ ርቀን የምንኖር ገበሬዎች ነበርን። ክንዱን ቢሲጂ፣ የሳንባ ነቀርሳ መከላከያውን፣ ሲከተብ ደስ ብሎኝ የያዝኩት እኔው ነኝ።

የጤና ጣቢያው ሠራተኛ «አንዳንድ ልጅ ላይ ያብጥና ይጠፋል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የብዙው ልጅ ይጠፋል። የእኔ ልጅ አልጠፋለትም። ፈነዳ። መግል ወረደው። አንገቱ ላይ ሌላ ወጣ። ጡት ተወ። እኔም መቀመጥ ተውኩ፤ ስቀመጥ ተነሺ፣ ስነሣ ተቀመጪ ይለኛል።

ባለቤቴ በጭነት መኪና ደብረ ታቦር ሆስፒታል አደረሰን። ዶክተሩ ወጣት ነው፤ ሲጠይቅ አይቸኩልም።

«ከእሱ በፊት የወለድሽው አለ?»

«የለም፤ በኩሬ ነው።»

ዋሸሁ። በእኛ ቤት የሞተ ልጅ በሕይወት ባለው ፊት አይነሣም፤ ሞትን መጥራት ነው ብለን እንፈራለን። ሦስት ቀን ተኛን። ሦስት ቀን ዋሸሁ። ልጁ መነመነ። በአራተኛው ጠዋት ዶክተሩ ካርዱን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ።

«እህቴ፣ ምትኩ ያላችሁት በማን ምትክ ነው?»

ልጁን ለባለቤቴ ሰጥቼ ወደ በረንዳው ወጣሁ። ሕፃኑ በማይሰማበት ቦታ ነገርኩት። ሁለት ወንዶች። ሁለቱም ዳዴ ሳይሉ። እባጭ፣ መግል፣ ትኩሳት።

«የክትባቱ ጀርም ተዳክሞ የሚሰጥ ሕያው ጀርም ነው» አለኝ። «ጤነኛ ሰውነት ያሸንፈዋል። የልጅሽ መከላከያ ግን በተፈጥሮው የጎደለው ነገር አለ፤ የወንድሞቹም እንደዚያው ሳይሆን አይቀርም። ከታቢዎቹም አንቺም አላጠፋችሁም።»

በዚያው ቀን የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቶች፣ ኢሶናያዚድና ሪፋምፒሲን፣ ተጀመሩለት፤ ሌላ ጀርም እንዳይደርብበት ደግሞ ባክትሪም ተጨመረ። ቁስሉ ደርቆ ጠባሳ እስኪሆን ከዓመት በላይ ፈጀ፤ በየወሩ መድኃኒት ልንቀበል ስንመላለስ መጀመሪያ አዝዬው፣ በኋላ እጁን ይዤ፣ በመጨረሻም እሱ ከፊቴ እየሮጠ ሄድን። ዛሬ የልጆች አባት ነው። እኔ አሁንም ሲያስለው ከተቀመጥኩበት እነሣለሁ።

ያን ዶክተር አመሰግነዋለሁ። የታመመ ሕፃን ታቅፋችሁ ይህን ለምታነቡ፦ ክትባት አትፍሩ፤ ከእሱ በኋላ የወለድኳትን ሴት ልጅ ሐኪም ጠይቄ አስከትቤያታለሁ። ሕፃን ቀብራችሁ ከሆነ ግን መርፌው ሳይገባ ተናገሩ። የእኔዎቹ ደሳለኝና አዱኛ ይባላሉ። ስንት ወለድሽ ስባል አራት እላለሁ።