ከጥንቶቹ ድንጋዮች ጎን

አላህ ይዘንላቸውና፣ አያቴን ሳስታውስ ቀድመው የሚታዩኝ ከመቃብር አጠገብ ቆመው ሰላምታ ሲሰጡ ነው። በመንደር ምሥረታው ዘመን መንግሥት ከተራራው አንሥቶ በጨፋ ሜዳ፣ ከከሚሴው መንገድ አጠገብ ሲያሰፍረን፣ ባዶ በቀረው መንደራችን የዓረብኛ ጽሑፍና ሐረግ የተቀረጸባቸው የጥንት መቃብር ድንጋዮች ነበሩ። የማን እንደሆኑ የሚያውቅ የለም። አያቴ ግን በየጁምዓው እየወጡ፣ አቧራቸውን በመዳፋቸው እየጠረጉ፣ "አሰላሙ ዓለይኩም፣ አካም ጂርቱ?" እያሉ ደኅንነታቸውን ይጠይቋቸው ነበር።

አንድ ካድሬ "አባባ፣ ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?" ቢላቸው፣ "ስትመዘግቡን ከዘለላችኋቸው ጎረቤቶቼ ጋር" አሉት።

አንድ ቀን ከዚያ ስንወርድ "እኔንም ከእነሱ ጎን" ያሉኝ ይመስለኛል። ወይስ ከሞቱ በኋላ ራሴ የጨመርኩት ነው? ያረፉ ዕለት ከዩኒቨርሲቲ መጥቼ ነበር፤ ወንዶቹ ጀናዛውን ሲያነሡ "የተናገሩት ኑዛዜ አለ?" ብለው ጠየቁኝ። ወደ ድንጋዮቹ የሚያወጣውን ዳገት ዝናብ አጨቅይቶታል። እርግጠኛ ባልሆንኩበት ቃል ያን ሁሉ ሰው ማንገላታት ከበደኝና "አላውቅም" አልኩ። በአዲሱ መንደር ዳር፣ ገና ማንም ባልተቀበረበት ሜዳ ብቻቸውን አሳረፍናቸው።

በእኛ ዘንድ ሴት ቀብር አትወጣም። ስንመለስ ሴት አያቴ የት እንዳሳረፍናቸው ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። 

"ከድንጋዮቹ ጎን ቅበሩኝ ሲል ስንት ዘመን ሰማሁት። እዚሁ ጓዳ ነበርኩ እኮ ልጄ፤ ምነው ገባ ብለህ ብትጠይቀኝ?"